እናቴ ሽማግሌ ስትልክ

እናቴና አባቴ ሁለት ጊዜ ተጋብተዋል ብዬ አምን ነበር። የመጀመሪያው ላይ አልነበርኩም። ሁለተኛው ላይ ግን ነጭ ካልሲ አድርጌ፣ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ፣ መሬት የማይነካ እግሬን እያወዛወዝኩ በዓይኔ አይቻለሁ። ለክፍል ጓደኞቼም ምንም ሳላስቀር ተርኬያለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ የውሃ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ብሩክታይት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ እጇ ሁልጊዜ አልኮል ይሸታል። አባቴ እስጢፋኖስ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ይጋግራል፤ እሱ ደግሞ ቫኒላ ይሸታል። ከተፋቱ ቆይተዋል። አባቴ እሪ በከንቱ ወርዶ ቤት ተከራየ፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ እሄድ ነበር። በዚያን ጊዜ ለባቡሩ ተብሎ ምኒልክ አደባባይ ዙሪያው ተቆፍሮ ስለነበር እናቴ እጄን ይዛ በጭቃው መሀል በተዘረጋ ጣውላ ላይ ታሻግረኝና አባቴ በር አጠገብ ስትደርስ ትለቀኛለች። በሩን አታንኳኳም። አንኳኩቼ እስክገባ ራቅ ብላ ቆማ ታየኝና ትመለሳለች።

ስለ ሽማግሌ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከጎረቤታችን ከሙሉእመቤት ነው። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት መጡ። የግቢው ልጆች መስኮቱ ላይ ተደራርበን አየን። ሽማግሌዎቹ ወንበር ተዘጋጅቶላቸው አንቀመጥም አሉ። «ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» ብለው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቆሙ። የሙሉእመቤት አባት ፊታቸውን አጨፍግገው «ልጃችን ገና ናት፤ እስቲ እንመካከር፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አሏቸው። እኔ ደነገጥኩ። ሙሉእመቤትን ማድ ቤት አገኘኋትና፣

«እንቢ አሉ እኮ!» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ!» አለችኝ አፏን በእጇ ይዛ እየሳቀች። «ወዲያው እሺ ከተባለማ ጎረቤት ምን ይላል? የቸኮለች ነው የሚሉኝ። ሦስተኛው ላይ ነው እሺ የሚሉት።»

እውነትም ሦስተኛው ላይ እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ በሉ፣ እልል ተባለ። ነገሩ ገባኝ።

ሐምሌ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች እኛ ቤት መጡ። አንደኛው ጡረታ የወጡት ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሲቀመጡም ሲነሡም «እህ» ይላሉ። ሁለተኛው ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ አብዱልሙሀይሚን ናቸው። አባቴ ከስልጤ አዲስ አበባ ሲመጣ መጀመሪያ ያስጠጉት እሳቸው ስለሆኑ እንደ አባት ይፈራቸዋል። እናቴ የቤተ ክርስቲያኗን ሽማግሌዎች ትታ እነዚህን የመረጠችው አባቴ የሚሰማው እነሱን ስለሆነ ነው። ወላጆቼ ሲጋቡም የእናቴን ቤተሰብ የጠየቁት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ላይ ሆኜ ስዕል እስላለሁ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ቆየች።

«ጉዳዩን ጎረቤት አልሰማም አይደል?» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል።

«ለነፍስ አልተናገርኩም።»

«ጎበዝ። እጅሽ ሳይገባ እንዳትናገሪ።»

ሐጂ ሳቁ። «ወላሂ ነገሩ ተገለበጠ! ያኔ አንቺን ለሱ ጠየቅን፤ አሁን ደግሞ እሱን ላንቺ ልንጠይቅ ነው።»

እናቴም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እንቢ ቢለኝስ?»

«እኛን? ከየት አባቱ አምጥቶ!»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ሴት ሽማግሌ ስትልክ አይቼ አላውቅም፤ ግን እናቴ ብዙ ሴቶች የማያደርጉትን ታደርግ ነበር። አምፖል ትቀይራለች፣ መዶሻ አላት።

አሁን የማውቀው ይህ ነው። እናቴ ዲቪ ደርሷት ነበር። ቪዛው ሳይመታ ዲቪ እንደደረሰው ለጎረቤት የሚናገር ሰው በሰፈራችን አልነበረምና ነገሩ ቤታችን ውስጥ «ጉዳዩ» ከመባል በቀር ስም አልነበረውም። እኔን ይዛ ለመውጣት አባቴ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ፈቅጃለሁ ብሎ መፈረም ነበረበት። ሽማግሌዎቹ የተላኩት ለዚያች ፊርማ ነው።

የሄዱት ቅዳሜ ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሐጂ ሱሪያቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሰብስበው፣ ጋሽ ወልደገብርኤል ከዘራቸው ላይ ጭቃ እንደተለጠፈ ገቡ። ከሪማ ጥግ ላይ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ከሪማን የቤቱ አከራይ ወይም የአባቴ ተከራይ አድርጌ ነበር የማያት፤ የትኛዋ እንደሆነች አላጣራሁም። የጥርስ ብሩሿ ከአባቴ ብሩሽ ጋር አንድ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚቀመጥ አይቻለሁ። ብርጭቆ ቢያንሳቸው ነው ብዬ ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ተቀመጡ» አለ አባቴ ወንበር እየሳበ።

«ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል።

ልቤ ዘለለች።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎን ያምዎት የለ እንዴ?»

«ያመኛል። ቶሎ እሺ በለና ልቀመጥ።»

አባቴ አልሳቀም። «ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ደውላ ነግራኛለች። አይሆንም።»

«ምነው?» አሉ ሐጂ።

«ልጄ ናት።»

«ልጅህ መሆኗን ማን ካደ? እኛ ልጅህ አይደለችም ልንል መጣን?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ማኅሌት፣ ውጪ ተጫወቺ።»

«ዝናብ ነው።»

«እሺ፣ ጆሮሽን ያዢ።»

ጆሮዬን ያዝኩ፤ ጣቶቼን ግን ከፈት አድርጌ። አባቴ ከኬክ ቤቱ ይዞት የመጣውን ነጭ ሽርጥ እያጠፈና እየፈታ፣ «እኔ ያለኝ ቅዳሜ ብቻ ነው» ሲል ሰማሁት። «ቅዳሜዬን ደግሞ አምጣ ትለኛለች። እሷ ሁሉንም ወስዳ ቅዳሜ ቀረችኝ።»

ሥራ ስለሚበዛበት ሰርጉ ቅዳሜ መሆኑ ቅር ብሎት ነው አልኩ።

«እስቲ ላስብበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አላቸው በመጨረሻ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እኔ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። ሁሉም ልክ እንደ ሙሉእመቤት አባት ነበር፤ ፊት ማጨፍገጉ እንኳ።

ቤት ስደርስ እናቴ ነገሩን ሰምታ ነበር። ከሥራ የመጣችበትን ጫማ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። አጠገቧ ሄጄ ትከሻዋን መታ መታ አደረግሁ።

«አይዞሽ እማዬ። መጀመሪያ እንቢ ነው የሚባለው። ሦስተኛው ላይ እሺ ይላል።»

ቀስ ብላ ዞረች። «ማን ነገረሽ አንቺ?»

«አውቃለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «እሺ ቢል ደስ ይልሻል?»

«በጣም!»

«እርግጠኛ ነሽ? አትከፊም?»

«ለምን እከፋለሁ?»

አቀፈችኝ። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ስለ ጉዳዩ ስታወራ እንደ በፊቱ አትደበቀኝም፤ ግን «ጉዳዩ» ከማለትም አላለፈችም። እኔም ስሙን ጠርቼ እንዳላበላሸው ተጠነቀቅሁ። ሁለታችንም አንድ ነገር የምንጠብቅ መስሎን፣ ማታ ማታ አብረን ጸለይን።

ሁለተኛው ሽምግልና ጳጉሜ ላይ ነበር። በዚያን ዕለት ሐጂ ፊት ላይ ሳቅ የለም። ቤቱ መሀል ቆመው ጣታቸውን ወደ አባቴ ቀሰሩ።

«ስማ እስጢፋኖስ። ያንን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አራዝማለች፤ ሦስተኛ አይሰጧትም። ያላት ጊዜ እስከ መስቀል ነው። ከመስቀል ወዲያ ብትፈርም ወረቀቱ ሹሮ መጠቅለያ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እህስ?»

«ሐጂ፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምሰማው እንጂ…»

«አክብሮት አልጠየቅሁህም። ፊርማ ነው የጠየቅሁህ!»

ከመስቀል በኋላ አዳራሽ አይገኝ ይሆናል አልኩ በልቤ።

ያኔ ነው ከሪማ ከማሰሮዋ ላይ ቀና ያለችው። በሽማግሌ ፊት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ፈርምላት እንጂ» አለች። «እናቷ አይደለች እንዴ? ትጥላት መሰለህ?»

«አንቺ አትግቢበት።»

«ገብቻለሁ እኮ» አለችው ቀስ ብላ፤ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

እንዴት ያለች ደግ ተከራይ ናት አልኩ። ወንድሜ ኢልያስ የተወለደው ዓመቱ ተቀይሮ የካቲት ላይ ነው። ከሪማ እኔ ብሄድ ቤቱ ሰፋ ይልላት ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ እንደዚያ አላስብም። ያን ቀን ድምፅዋ ውስጥ ለእናቴ ማዘን ነበር የሰማሁት፤ አሁንም ሳስታውሰው ያው ነው።

ጋሽ ወልደገብርኤል እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈዋል። አላስቻለኝም። ዱካዋን ጎትቼ ከኋላቸው አስጠጋሁና እጃቸውን ያዝኩ።

«ይቀመጡ ጋሼ። አባዬ እሺ ይላል።»

ጋሽ ወልደገብርኤል እንባቸው መጣ። «ሰማህ?» አሉት። «ከራሷ አፍ ሰማህ?»

አባቴ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። ክርኑ ላይ የደረቀ የስኳር ክሬም ነበረ።

«ማኅሌቴ። አንቺ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ከልብሽ?»

«ከሁሉም ነገር በላይ» አልኩት።

ጭንቅላቴን ሳመኝ። ተነሣ፤ ኮቱን ሳይለብስ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ደስታው ቢበዛበት ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቁት። አልተመለሰም።

መስቀል አለፈ። የደመራው አመድ መንገዱ ላይ ጭቃ ሆኖ ደረቀ። እናቴ በእነዚያ ቀናት ከሥራ መጥታ ሳትበላ ትተኛ ነበር፤ አንድ ቀን እንደውም መብራቱን ሳታጠፋ፣ የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች ተኝታ ጫማዋን እኔ አወለቅሁላት። ጸሎታችንም ቀረ። ለምን እንደቀረ አልጠየቅሁም፤ ሦስተኛው ገና ስለሆነ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጋሽ ወልደገብርኤል በር ላይ መጡ። ፊታቸው በርቷል። «እሺ አለ! ራሱ ደወለ፤ ነገ ልፈርም አለ!»

እናቴ ሳህን ታጥብ ነበር። ሳህኑን አላስቀመጠችም። ውሃው ከክርኗ ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ።

«ጋሼ…» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ትንሽ ቆየ፤ ለምነሽ ይቀበሉሽ ይሆናል። ግን እሺ አለ እኮ። ሐጂ ሌሊቱን ዱዓ ሲያደርጉ አደሩ።»

እናቴ ሳህኑን አየችው፤ እሳቸውን አየቻቸው፤ እኔን አየችኝ። እኔ እየዘለልኩ ነበር።

«እሺ» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ብዙ ደከማችሁብኝ።»

በማግስቱ ነጩን ካልሲ አደረግሁ። እናቴ ፀጉሬን ሠራችልኝ፤ ለራሷ ግን ሁልጊዜ የምትለብሰውን ግራጫ ሹራብ ለበሰች። ሰርግ ቢሆንም ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ነው አልኩ። አባቴ ቀድሞን ደርሷል። ተላጭቶ፣ ከሪማ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሶ፣ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔ በመሀላቸው ተቀመጥኩ። አጠገባችን መኪና የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተደግፈው ቆመዋል።

ስማችን ተጠራ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን በፍጥነት፣ ትንፋሽ ሳትወስድ አነበበችው፤ ከእሱ ውስጥ የገባኝ የወላጆቼ ስም እስከ አያት መጠራቱ ብቻ ነው። ከዚያ ቀና ብላ አባቴን አየችው።

«በፈቃድህ ነው?»

«በፈቃዴ ነው።»

«ያስገደደህ የለም?»

አባቴ ትንሽ ዘገየ። «የለም።»

ፈረመ። ማኅተም ተመታ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ለእናቴ እየሰጠች ፈገግ አለች። «መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።»

እናቴ «አሜን» አለች።

ወደ ጫጉላ ሊሄዱ ነው ማለት ነው። እልልታ ስላልተሰማ እኔ ቀስ ብዬ እልል አልኩ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ፤ አንድ ሰውዬ «እሰይ!» ብሎ አጨበጨበልኝ። እናቴና አባቴ በጭንቅላቴ ላይ ተያዩ። አባቴ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። እናቴ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «እንግዲህ ኬክ ትጋብዘናለህ» አለችው።

ኬክ በላን። ሁለት በላሁ። ከዚያ አባቴ ወደ ሥራው፣ እኛ ወደ ቤታችን ሄድን።

«አባዬ ዕቃውን መቼ ነው የሚያመጣው?» አልኳት መንገድ ላይ።

«የምን ዕቃ?»

«ልብሱን።»

እጄን ይዛ በጣውላው ላይ አሻገረችኝ። የደከማት መስሎኝ ደግሜ አልጠየቅኋትም። ያልመጣበትን ምክንያት ለራሴ ስፈጥር ከአንድ ዓመት በላይ ቆየሁ፤ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ኬክ ቤቱ ማታም ያሠራዋል እላቸው ነበር። ኢልያስ ዳዴ ማለት ሲጀምር ምክንያት መፍጠር አቆምኩ። ትንሽ ከፍ ስል ደግሞ አባቴ ራሱ ነገረኝ፤ ያ ወረቀት የዲቪ ነበር፣ እሱ ፈርሞ ነበር፣ ኤምባሲው ነው የከለከለን። በሰርጉ ነገር በጣም ስላፈርኩ ለማንም አልተነፈስኩም።

አምና ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ አባቴ ስሜን በቸኮሌት የጻፈበትን ኬክ ተሸክሞ መጣ። ከፒያሳ ተነሥተን የተሰጠን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ከሪማም ኢልያስም መጥተዋል። አባቴ ከእናቴ የሥራ ባልደረቦች መሀል ተቀምጦ፣ «ይቺ ልጅ አሜሪካ ነበር የምትማረው» አላቸው። «እኔማ ፈርሜ ነበር። ኤምባሲው ነው።»

እናቴ ትሪ ይዛ በአጠገቡ ታልፍ ነበር። «እሱስ ፈርሞ ነበር» አለች። ትልቁን ቁራሽ ለእሱ አስቀምጣ አለፈች።

በማግስቱ ጠዋት የሥራ ጋውኗን ስትተኩስ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ኤምባሲው ለምን ነበር እንቢ ያለን?»

ካውያውን አላነሣችም። «መቼ ሄድን?»

«ማለት?» አልኳት።

«ሲፈርም አልፎ ነበር» አለች። «የመጨረሻው ቀጠሮ ካለፈ ሰንብቶ ነበር።»

«ያውቅ ነበር?»

«ሐጂ ነግረውታል። አንቺም ነበርሽ።»

«ታዲያ ለምን ፈረመ?»

«ምን አውቃለሁ። አንቺ እሄዳለሁ ስላልሽው ይሆናል። ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀልሎት ይሆናል። ሁለቱም ይሆናል።» ጋውኑን ገለበጠችው። «እኔም ቀኑ አልፏል አላልኩም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያን ሁሉ ደክመው፣ እንዲያ ደስ ብሏቸው… ምን ልበል? አንቺም ያን ያህል ስትጓጊ ነበር። ይኸው ፈቅዶልሽ ነበር የምልሽ ነገር እንኳ ይኑር ብዬ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ የምትጋቡ መስሎኝ ነበር።»

«እነማን?»

«አንቺና አባዬ። ሽማግሌ ስትልኪ። ስለ መሄድ የሰማሁት ነገር አልነበረም።»

ካውያውን አቆመች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ጠጋ ስል እየሳቀች ነው። ድምፅ የሌለው፣ የሚያደክም ሳቅ። «ለዚያ ነው እልል ያልሽው» አለች። «በስመ አብ! እኔ እኮ ያንቺን ጉጉት አይቼ ነው ሁለት ጊዜ ያራዘምኩት። በዚያን ዓመት ብቻዬን እንኳ ብሄድ…» ንግግሯን ተወችው።

«ትችይ ነበር?»

«ምኑን?»

«ብቻሽን መሄድ።»

«ለሱማ የማንም ፊርማ አያስፈልገኝም ነበር።»

ተነሣች። ጋውኑን ለበሰች፤ አንገቱ ጋ ገና ትኩስ ስለነበር ትንሽ ፊቷን ኮሶ አስመሰለች። በሩ ላይ ደርሳ ቦርሳዋን እየፈተሸች ወደ እኔ ዞር አለች።

«ቅዳሜ አይደል እንዴ ዛሬ? ተነሽ እንጂ፣ አባትሽ ይጠብቅሻል። የተረፈውን ኬክ ለኢልያስ ውሰጂለት።»